ጭዳ የመሰለችኝ ላም

በሰው ሀብት የሚቀና አለ። በሰው ሚስት የሚቀና አለ። በሰው ሹመት እንቅልፍ የሚያጣም አይቻለሁ። እኔ የቀናሁት ግን በሰው ጣፊያ ነው። አትሳቁ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ እግሩ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ሰው፣ አብሮት የታመመው ጓደኛው ድኖ ሆዱ ገብቶ ሲያየው ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ይህን የማወጋችሁ ለንግድም ለሥራም ወደ ቆላ የምትወርዱ ሰዎች የኔን ሞኝነት እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ተሾመ እባላለሁ፤ ጂንካ ተወልጄ ያደግሁ ነጋዴ ነኝ። አባቴ ከሰሜን ለሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ ትልቅ ነጋዴ መባል ራሱ ያስከስስ ነበር፤ እኔ ግን ደግነቱ ትልቅ አልነበርኩም። ከአሪ ተራሮች የቡና ገለባ እንሰበስብና በአህያ ጭነን ወደ አርቦሬ እንወርዳለን። ቆላ ያለው ሰው ገለባውን አፍልቶ ነው የሚጠጣው። በምትኩ ፍየል እየነዳን እንመለሳለን።

“እንወርዳለን” የምለው እኔንና ጴጥሮስን ነው። ጴጥሮስ ከጂንካ በላይ ካለው ተራራ የመጣ የአሪ ገበሬ ነው። የቆላውን ቋንቋ ሁሉ ይችላል፤ ያለ እሱ እኔ እዚያ ዲዳ ነኝ። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ እኔ ቆሎዬን ስቆረጥም እሱ የፍየል ጥብሱን እያላመጠ “ተሾመ፣ ጾምህ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያልቀው?” ይለኛል። ያኔም ትንሽ ትንሽ ቅናት ይሞክረኝ እንደነበር አልዋሽም።

በሽታው እንዴት እንደያዘን ያወቅነው በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ከአርቦሬ ስንመለስ ነፋስ በርትቶብን ከኩይሳ ሥር ተጠግተን አደርን። ምስጥ የሚቆልለው ያ ከሰው የሚረዝም አፈር ጥሩ ከለላ መስሎን ነበር። ድምፅ የሌላት ትንሽ ዝንብ ስትነክሰን አመሸች፤ ከቁብም አልቆጠርናት። አከክን፣ ተኛን፣ ጠዋት ፍየላችንን ነድተን መንገዳችንን ቀጠልን።

ከወራት በኋላ ሁለታችንንም ትኩሳት ያዘን። ቆላ ለሚወርድ ሰው ወባ የዘወትር እንግዳው ስለሆነ የወባ ክኒን ዋጥን። ትኩሳቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ምግብ አስጠላኝ። አፍንጫዬ ያለ ምክንያት ይነስር ጀመር። በግራ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ ሥር አንድ ደረቅ ነገር እየወረደ እየወረደ መጣ።

አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ዓይኔን ገልጦ አይቶ “ታይፎይድ ነው” አለኝና እንክብል ሰጠኝ። እንክብሉ አለቀ፣ እኔም አብሬው ላልቅ ደረስኩ። ከዚያ አንድ የባህል ሐኪም ሆዴን ዳሰሰና “ጣፊያህ ነው” ብሎ በጋለ ብረት ተኮሰኝ። ጣፊያ ማለቱስ ልክ ነበር፤ ብረቱ ግን በጣፊያ ላይ ቁስል ጨመረልኝ። ጸበልም ተጠመቅሁ። ለቅዱስ ሚካኤል ወይፈን ተሳልኩ፤ ሲብስብኝ ጃንጥላ ጨመርኩ። አህዮቻችን ተሸጡ። ባለቤቴ አስካለ ቅዳሜ ገበያ ዳቦ ጋግራ መሸጥ ጀመረች። ልጆቹ ድምፃቸውን ቀንሰው መጫወት ለመዱ፤ ከሁሉም ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነበር።

ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ስንቴ እንደተቀመጥኩ ራሷ ወንበሯ ታውቃለች። ተራ መጠበቅ ሰውን ክፉ ያደርጋል። ከኔ ቀድሞ የተጠራ ሁሉ ጠላቴ ነበር። ነፍሰ ጡር ሴት ስትቀድመኝ እንኳ “ምን ሆና ነው?” እል ነበር፤ ሆዷን እያየሁ፣ የኔም ሆድ ከሷ እንደማያንስ እያሰብኩ።

ጴጥሮስም እንደኔው ተኝቶ ነበር። አንድ ቀን ግን ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋቢና ውስጥ አስገብቶት ሄደ። ሹፌሩ የእነሱ ምእመን ነው። ጋቢናው ከአንድ በሽተኛ በላይ አይዝም፤ የተለመነውም ለጴጥሮስ ነበር። ይህን ሁሉ ልቤ ያውቀዋል። አፌ ግን “ለምን እሱ? የሚነስረው ደም ከኔ የቀላ ነው?” ይል ነበር። አስካለ ሊጧን እያቦካች ታዳምጠኛለች።

የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መካከል የተዘረጋ ሣር ሜዳ ነው። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል። ከቤታችን ደጅ ሆኖ ማዶው ሁሉ ይታያል። አንድ ጠዋት አስካለ ፀሐይ እንድሞቅ ደጅ አውጥታ አስቀምጣኝ ሳለ፣ በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ዳለቻ ላም ከነጥጃዋ እየነዳ ወደኛ ሲመጣ አየሁ። ጴጥሮስ ነበር። ከላሚቱ በፊት ያየሁት ሆዱን ነው። ጠፍቷል! ሸሚዙ እንደ ጤነኛ ሰው ሸሚዝ ወደ ታች ወርዷል። ጉንጩ ሞልቷል። ይራመዳል ብቻ ሳይሆን ያፏጫል። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት በማንም ላይ ቀንቼ አላውቅም።

አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። “ተሾመ ወንድሜ፣ በሽታው አንድ ነው” አለኝ። “ወባ አይደለም። ካላዛር ይሉታል። መርፌ አለው። እኔ አብሬህ እሄዳለሁ፣ አንተም ትድናለህ።”

“ላሚቱስ?”

“ላሙ ያንተ ነው። የምስጋና ነው።”

እዚህ ላይ ልማዳችንን የማያውቅ ሰው እንዳይቸገር ልንገራችሁ። አንድ ሰው ሲታመም ዶሮ ወይም በግ በራሱ ላይ ያዞርና ደዌውን ያራግፍበታል። ከዚያ መንገድ ላይ ይጥለዋል። ያንን ያነሳ ሰው በሽታውን ወሰደው ይባላል። ጭዳ የምንለው ይህንኑ ነው። እንግዲህ አስቡት። አብረን ታመምን፤ እሱ ዳነ፣ እኔ ባሰብኝ፤ አሁን ደግሞ እንስሳ እየነዳ ደጄ መጣ። ወተት የምትሰጥ አንዲት ላም ያለችው ድሃ ገበሬ፣ ያቺኑ ላም ለሌላ ሃይማኖት ሰው የሚሰጠው ምን ቆርጦት ነው?

“ምን ልትጥልብኝ መጣህ?” አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ጴጥሮስ ቶሎ የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ ሲያዝን ግን ያስታውቃል። “እኔ ስድን ምስጋና አለብኝ” አለ ቀስ ብሎ። “በፊት ቢሆን ላሙን ጸሎት ቤት እወስዳለሁ፣ ሕዝቡ ይዘምራል፣ እልል ይላል። አሁን ቤቱ ተዘግቷል። የገበሬ ማኅበር እህል አስገብቶበታል፣ በሩ ላይ ቁልፍ አለ። እኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እግዚአብሔር እህል መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት አይቀመጥም። የታመመ ሰው ጋ ይኖራል አልኩ። አንተ ጋ አመጣሁ።”

“አንተ ልጆች የሉህም? ምን ሊጠጡ ነው?”

“ቆጮ አለ፣ ጎመን አለ። እኔን አግኝተዋል።”

ይህ መልስ ከሁሉ የባሰ አንገበገበኝ። እሱን አግኝተዋል! የኔ ልጆችስ ማንን ሊያገኙ ነው? ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና “አስካለ፣ ይህችን ላም ከግቢዬ አስወጪልኝ” አልኩ። ጴጥሮስ አንድ ቃል ሳይጨምር ተነስቶ ሄደ። አስካለ “እሺ” አለች። ሴት ልጅ እንዲያ ቶሎ “እሺ” ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ የምትሰጠኝ አጥሚት ወፈር አለ። እንደ ድሮው አልተፋሁትም። ቀስ በቀስ ግድግዳ ይዤ መቆም ቻልኩ። ሌሊት ላይ ሞት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ እየመሰለኝ የሚይዘኝ ፍርሃት ባይለቀኝም፣ ጠዋት ሲነጋ ደስ ይለኝ ጀመር። ጴጥሮስ እየመጣ “እንዴት ዋለ?” ሲል እኔ የተኛሁ እመስላለሁ። ድምፁ ወፍሯል። እስቲ ሰው በድምፅ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

አንድ ቀን ከጓሮ ጥጃ ጮኸች።

“የማን ጥጃ ናት?”

“የጎረቤት” አለች አስካለ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ነው፤ ከስፌት መኪናው በቀር የሚያረባው ነገር የለም። ግድግዳ ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዳለቻ ላም ታስራ ሣሯን ታመነዥካለች። ነገሩ ሁሉ ገባኝና ጮህኩ። “ጭዳ አበላሽኝ! የገዛ ሚስቴ!” እያልኩ። ሌላ ክስ ሲጠፋኝ ደግሞ “በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው!” አልኩ።

አስካለ እጇን በወገቧ አድርጋ ሰማችኝና ስጨርስ እንዲህ አለች፦ “ለታመመ ሰው የንስሐ አባታችን ፈቅደዋል፤ ጠይቄያቸዋለሁ። ጭዳ ነው ያልከውን ደግሞ ላንተ ከመስጠቴ በፊት እኔ ራሴ ጠጥቼዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠጣሁት። ሲነጋ ደህና ሆኜ ስነሳ ላንተና ለልጆቹ ሰጠሁ። ላም አለኝ በሰማይ እያልን ስንኖር ቆይተን፣ በምድር የመጣችልንን ታባርራለህ? አንተን የገደለህ ካላዛሩ አይደለም። የጴጥሮስ መዳን ነው!”

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ። እንደዚያ ልክ ልኬን የነገረኝ ግን የለም። ጴጥሮስን አስጠራሁት።

ሲመጣ ላናግረው የፈለግሁት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። “እውነቱን ንገረኝ” አልኩት። “ምን ተስለህ ነው የዳንከው? እኔ ወይፈን ከነጃንጥላ ተስያለሁ። ያንተን ንገረኝና ከዚያ በላይ ልሳል።”

“ምንም አልተሳልኩም።”

“ሳትሳል?”

“መጸለይም አልቻልኩ። ጋቢና ውስጥ ራሴን አላውቅም። ስነቃ አልጋ ላይ ነኝ፣ ሰው እጄን ይዟል። ‘ትድናለህ’ አሉኝ። እኔ ምን ሰጥቼ?”

“ታዲያ ያልተሳልከውን ለምን ትሰጣለህ?”

“ስለት ቢሆን ከፍዬ እጨርስ ነበር” አለ። “ይሄ በነጻ መጣ። በነጻ የመጣ ነገር ማለቂያ የለውም፣ ዝም ብለህ ትሰጣለህ።”

ልቤ የተነካ መስሏችሁ ይሆናል። የለም፤ ይባስ ብዬ ቀናሁ። እኔ ስደራደር፣ ጭማሪ ሳቀርብ፣ እንደ ገበያ ሰው ስከራከር ከረምኩ፤ እሱ ተኝቶ ሄዶ ተሰጥቶት ነቃ! ይህ ፍርድ ነው? ግን ከቅናቴ ሥር አንድ ሌላ ሐሳብ ብቅ አለ። በነጻ ከሆነማ፣ እኔስ ለምን ይቀርብኛል?

በሳምንቱ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፈርን። ወይጦ ስንደርስ ሙቀቱ ሊገድለኝ ነበር፤ ጴጥሮስ ጋቢውን በላዬ ዘርግቶ ጥላ ሆነልኝ። የኮንሶን ዳገት ስንወጣ ደግሞ እንዳልወድቅ በሁለት ክንዱ አቀፈኝ። ያ ክንድ ከጥቂት ወራት በፊት እንደኔው እንጨት ነበር።

አርባ ምንጭ ስንደርስ በወፍራም መርፌ ከጣፊያዬ ትንሽ ወስደው መረመሩና ካላዛር መሆኑን አረጋገጡ። ያቺ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ጣፊያን የሚያሳብጥና ደምን የሚጨርስ በሽታ ነው። ካልታከመ ይገድላል። ሐኪሙ ዓይኔን ገለጥ አድርጎ አየና “መድኃኒቱ ራሱ ጉልበት ይፈልጋል። በጣም ተዳክመው ከሚመጡት ብዙዎቹን አናተርፋቸውም” አለኝ። ከዚያ “አንተ ግን አቅም አለህ። ምን እየበላህ ቆየህ?” ብሎ ጠየቀኝ።

ወለል ወለሉን እያየሁ “ወተት” አልኩ። ጴጥሮስ አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል፤ ምንም አላለም። ምናለ አንድ ቃል ቢል! ዝም ማለቱም አስቀናኝ።

መርፌው በየቀኑ ነው። ጭኔ ከማበጡ የተነሳ መቀመጥ አቃተኝ። ጴጥሮስ አልጋዬ ሥር ሰሌን አንጥፎ ይተኛል፣ ጠዋት ያጥበኛል፣ ከግቢው ውጭ ሾርባ አፍልቶ ያመጣል። ከጎኔ ባለው አልጋ ከቆላው ከዱስ በኩል የመጣ፣ አማርኛ የማይሰማ ሰው ተኝቶ ነበር። አስታማሚ የለውም። አንድ ቀን ስነቃ ጴጥሮስ የኔን ሾርባ በኩባያ ቀድቶ ሰውየውን በማንኪያ ያጠጣዋል። በቋንቋው እያወራ ያስቀዋልም።

አሁን እንግዲህ የቅናትን ጉድ እዩ። ያንን ሰው አላውቀውም፤ ግን ላንቀው ፈለግሁ። “ጴጥሮስ፣ አንተ የመጣኸው እኔን ልታስታምም አይደለም እንዴ?” አልኩት።

“ነው” አለኝ። ኩባያዬን አንስቶ አሳየኝ፤ እስከ አፏ ሞልታለች። “ያንተ አልጎደለም።”

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያን ቀን በኋላ ሾርባ ሲመጣ አስቀድሜ ወደ ጎረቤቴ አልጋ በአገጬ አሳይ ጀመር። ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ጴጥሮስ ብቻውን እንዳይመሰገን ብዬ ነው። ሰውየው ግን እኔንም አየት አድርጎ ፈገግ አለ፤ ያቺ ፈገግታ እስከ ማታ አልለቀቀችኝም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከአንዱ አስታማሚ ምጣድ የሽንኩርት ሽታ መጣና ራበኝ። እውነተኛ ረሃብ። ለስንት ወር ያልራበው ሰው ሲርበው እንደሚያለቅስ አላውቅም ነበር። ትኩሳቱ ጠፋ፣ አፍንጫዬ ደረቀ። ጣፊያዬ በየሳምንቱ ሽቅብ ሲሸሽ በጣቴ እከተለው ነበር። አንድ ጠዋት ብፈልገው አጣሁት።

ጂንካ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ወይፈኑንና ጃንጥላውን ለሚካኤል ማስገባት ነው። ስለቴ ገባ፣ አለቀ። ቀጥዬ ዳለቻን ከነጥጃዋ ነድቼ ጴጥሮስ ደጅ ሄድኩ። ከእዳ መውጣት ፈልጌ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ “መባ አይመለስም” አለኝና አበላኝ፣ አጠጣኝ፣ ከነላሜ ሸኘኝ። እየነዳኋት ስመለስ ተናደድኩ። ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ እኩል ሆኖ ማደር ይከለክለኛል!

ዓመታት አለፉ። ዳለቻ ወለደች፣ ልጇም ለመውለድ በቃች። የደርግ ዘመን ሊያበቃ አካባቢ በላይ የሚባል ነጋዴ እንደታመመ ሰማሁ። ቆላ እየወረደ በገለባ ንግዱ ሲሻማኝ የኖረ ሰው ነው። ወባ ነው ተባለ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ ሆዱን ተተኮሰ። እንደሰማሁ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን ይመስላችኋል? ጴጥሮስ ሳይሰማ ልድረስ! በዚህ ነገር እንኳ አንድ ጊዜ ልቅደመው!

ጎህ ሲቀድ የዳለቻን ልጅ ከነጥጃዋ በሜዳው አሻግሬ ነዳሁ። በላይ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሆዱ ተነፍቷል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። ላሚቱን አላየም። ያየው የኔን ሆድ ነው፤ ከደረቴ እስከ ቀበቶዬ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ እንደገና ወርዶ አየው። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። ከስንት ዓመት በፊት እዚያ ማዶ እኔ ደጅ ተቀምጦ ነበር።

“በሽታው ካላዛር ነው፣ መርፌ አለው። አብሬህ እሄዳለሁ” አልኩት። “ላሚቱ ያንተ ናት።”

“ምን ልትጥልብኝ መጣህ?” አለኝ።

ጴጥሮስ ያኔ ምን ውጦ ዝም እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ። ባለቤቱን ማለቢያ እንድታመጣልኝ ለመንኳት። ላሚቱን ደጁ ካለው ዛፍ አሰርኩ፣ ጥጃዋን አስጠባሁ፣ ቁጢጥ ብዬ አለብኩ። ከዚያ ከበላይ ፊት ለፊት ተቀመጥኩና፣ እሱ እያየኝ፣ መጀመሪያ እኔ ጠጣሁለት።